እግር የሌለው አባት

አርባ ምንጭ አፀደ ሕፃናት ሳስተምር በሙቀቱ እግሬ እያበጠ ስላስቸገረኝ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ከጠረጴዛዬ ኋላ ተቀምጬ መዋል ለምጄ ነበር። ስልሳ ሕፃን "ቲቸር፣ እርሳሴ ተሰበረ!" እያለ ይንጫጫል፤ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ "ራስ፣ ሆድ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር" እያልኩ ሰው መሳል አስተምራለሁ።

አስቴር የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ግን አባቷን ስትስል ወገቡ ላይ ስትደርስ ታቆማለች።

"እግሩስ?"

"የለም።"

ሦስት ቀን ጠየቅኳት፤ ሦስት ቀን "የለም" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ምናልባት የምናግዘው ነገር ቢኖር ብዬ አባትየውን አስጠራሁና፣ እንዳይንገላታ በሩ አጠገብ ወንበር አስቀመጥኩለት።

በማግስቱ አንድ ረጅም ሰውዬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣ። "የአስቴር አባት ነኝ፣ ቲቸር።"

ዓይኔ እግሩ ላይ ቀረ። ደብተሯን ሰጠሁት። ሥዕሉን አይቶ ሳቀ።

"ሸማኔ ነኝ እኮ። ስሸምን እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሷ ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ነው የምትውለው፤ እግሬን በየት በኩል ታየዋለች?"

እኔ ኀፍረቴን ሳልውጥ እሱ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ። ጠመኔ የያዘች ሴት ተስላለች፤ እሷም ከወገቧ በታች የለችም።

"እኛ ጋ ሴት አትሸምንም" አለ ግራ ገብቶት። "ይቺ ደግሞ ማናት?"