የእናታቸው መቅኔ

አዛለች ሶዶ ውስጥ በአንድ የምርምር ክፍል አይጦች ትንከባከባለች። ታበላለች፣ ውሃ ትቀይራለች፣ ሰጋቱራ ትለውጣለች። ባሏ ጌታነህ ሲሞት የጎንደር ዘመዶቹ ልጇን ሳምራን «እስክትረጋጊ እኛ ጋ ትቆይ» ብለው ወስደዋት ነበር። ልጅቷ ስትሄድ ወላይትኛ ነበር አፏ፤ ከዓመታት በኋላ ዘንድሮ ስትመለስ አማርኛ ብቻ ሆነ።

ሳምራ በመጣች ሳምንት የክፍሉ ተመራማሪ ዶክተር ጸሐዬ ከነጭ እናትና ከጥቁር አባት ለተወለዱ አይጦች የእናታቸውን ዘር መቅኔ በመርፌ ሰጣቸው። የመቅኔው ሕዋሳት አረንጓዴ በሚያበራ ቀለም ተነክረዋል። ያንኑ መቅኔ ለእናቲቱ እኅቶችም ሰጠ። ከቀናት በኋላ አዛለችን ማይክሮስኮፑ ጋ ጠራት። የእናቲቱ እኅቶች ጣፊያ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተሞልቷል። የልጆቹ ጨለማ ነው።

«የት ሄደ?»

«ገደሉት።»

«የገዛ እናታቸውን?»

«ደማቸው ውስጥ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ይዳብሳሉ። ልጆቹ የእናትም የአባትም ምልክት አላቸው። ከእናት የመጣው ሕዋስ ላይ ግን የአባት ምልክት የለም። ያንን ፈልገው ያጡት ገዳዮች አያልፉትም።»

«ምን አጥፍቶ ነው ታዲያ?»

«ምንም። የሚያስገድለው የጎደለው ነገር ነው።»

ከሰዓት በኋላ ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ሳምራ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ልታቅፋት ጎንበስ ስትል ልጅቷ አልተጠጋችም። ቀስ ብላ የእናቷን ግንባር፣ አፍንጫና አንገት በጣቶቿ ዳሰሰች።

«ምን እየፈለግሽ ነው የኔ ልጅ?»

«የአባዬን።» ጣቷ በእናቷ አገጭ ላይ ቆመ። «ጎንደር ቤት ሁሉም ላይ አለ። አንቺ ላይ የለም።»

ልጅቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

በማግሥቱ አዛለች የሽቦ ሳጥኑን ስትከፍት አይጦቹ እንደ ልማዳቸው እጇን ለማሽተት ተሰበሰቡ። ነጥቃ አወጣችው። ሌላ ሥራ እንዲሰጣት ዶክተር ጸሐዬን ለመነችው።

«ነከሱዎት እንዴ?»

«አልነከሱኝም ዶክተር። ይፈትሹኛል።»

ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። አሁን በምርምር ግቢው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። ሳምራም ከወራት በኋላ «እማዬ» ማለት ጀምራለች። ስትጠራት ግን ዓይኗ እናቷ ላይ አያርፍም፤ ከኋላ የቆመ ሰው ያለ ይመስል በትከሻዋ ላይ አሻግራ ታያለች። አዛለች መጀመሪያ ሰሞን ወደ ኋላዋ ዘወር እያለች ታይ ነበር። ኋላ ግን ተወችው።