የሌለው ትራፊክ

ንጋት፣ አዲስ አበባ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ፣ ሦስት የተለያየ መልስ ይዤ ወጣሁ። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደኝ ሚኒባስ ሹፌር ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። ከጎናቸው ተቀምጬ ከምሳ በፊት ደርሼ አንድ ሰው ማግኘት እንዳለብኝ ስነግራቸው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሞተሩን አስነሱ።

ጣርማበር

ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለቱን ጀመርን። ከታች የሚመጣ ከባድ መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገልን። ጋሽ ታደሰ ወዲያው ፍጥነት ቀነሱ። ከኩርባው ጀርባ ትራፊክ ፖሊስ ራዳሩን ይዞ ቆሟል። በሰላም አለፍን።

«ሹፌር ለሹፌር ይተዛዘናል» አሉኝ። «የፍጥነት ወሰኑ በየጊዜው ይቀያየራል። ትናንት ስልሳ ያለህ ታፔላ ዛሬ ሰላሳ ይልሃል። አንድ ቅጣት ከተጨመረብኝ መንጃ ፈቃዴ ይታገዳል።»

ቀወት

ቆላው በሙቀቱ ተቀበለን። ግራና ቀኝ ማሽላ ነው፤ አስፋልቱ አዲስ ስለሆነ እንደ ልብ ያስነዳል። ድንገት ከግራር ሥር ማንጎ የሚሸጡ ሴት ብድግ ብለው መዳፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው ከፍ ዝቅ አደረጉ። ትራፊክ አለ ማለት ነው። ቀነስን። ፖሊስ ግን የለም። ተማሪዎች ደብተራቸውን ታቅፈው መንገዱን አቋረጡ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርገኛለች» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ማንጎ ሊገዙም ቆሙ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ተናደድኩ።

«እትዬ፣ ለምን ይዋሻሉ?»

እትዬ ዘይነባ አላፈሩም። «እዚህ ሰላሳ የሚል ታፔላ ነበረን። መንገዱ ሲታደስ ነቅለው ወደ ከተማው መግቢያ ወሰዱት፤ ፍጥነት መግቻውንም ደለደሉት። ወር ሳይሞላ የልጄን እግር መኪና ሰበረው። አመለከትን፤ ይጠናል አሉን። ጥናቱ እስኪያልቅ ልጅ እንገብር?»

ማንጎውን እያቀበሉኝ «ውሸቱን አላህ አፉ ይበለኝ» አሉ።

ሸዋ ሮቢት

ታፔላውን የነቀለው ሰው ክፉ አይመስለኝም። ምናልባት እዚያ ቦታ ወርዶ በእግሩ ተሻግሮ አያውቅም። የቸኮልኩለት ሰውዬ ደግሞ ምሳ ሄዶ ጠበቀኝ።

ሐሙስ፣ መልስ

በዚያው በጋሽ ታደሰ መኪና ተመለስኩ። ከግራሩ ሥር ሰው የለም። ደነገጥኩ።

«ሐሙስ ሐሙስ ወረዳ ትሄዳለች፤ ታፔላውን ልትጠይቅ» አሉኝ።

ተማሪዎቹ ግን ተለቀዋል፤ መንገዱ ዳር ተኮልኩለዋል። ከደብረ ሲና በኩል ባዶ አይሱዙ ቁልቁል ይበራል። ጋሽ ታደሰ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም አደረጉ። አልቀነሰም። ዳር ይዘው ሲቆሙ ሳላስበው ወርጄ ተሻገርኩና ከግራሩ ሥር ቆሜ መዳፌን ወደ መሬት ደፋሁ።

ያን ጊዜ ቀነሰ። ልጆቹ ተሻገሩ፤ የመጨረሻዋ ልጅ እያነከሰች ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

የአይሱዙው ሹፌር አጠገቤ ሲደርስ አንገቱን አውጥቶ «ትራፊኮቹ የት ጋ ነው የቆሙት?» አለኝ።

«እስከ ከተማው ድረስ በየቦታው አሉ» አልኩት።

እኔንም አፉ ይበለኝ።