ዝም ያለውን ልጅ ለማየት ወደ ሂልቶፕ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ክሊንተንቪል

ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሃይ ስትሪት ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የጠራኝ ሮቤርቶ ነው፤ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብሮኝ የሚሠራ ሜክሲኮአዊ። ሚስ ካረን የምትባል ፈረንጅ በየሳምንቱ ቦርሳ ሙሉ መጫወቻ ይዛ ቤቱ ትመጣለች። የልጆችን አፍ መፍታት አግዛለሁ ትላለች፤ በነፃ! ልጁ ሚጌል ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሷ ፊት ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ዛሬም ካልተናገረ ለምርመራ እልከዋለሁ ብላለች። ሮቤርቶ ‹‹ልጄን ሊወስዱብኝ ነው›› ብሎ እንቅልፍ አጥቷል።

ሴትዮዋን እንድታዘብለት እኔን መምረጡ አልገረመኝም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ እንግሊዝኛንም ጣሊያንኛንም በራሴ ያወቅኩ ሰው ነኝ፤ ጣሊያንኛ ለሚያውቅ ስፓኒሽ ሩቅ አይደለም። በነፃ የሚሰጥ ነገር ደግሞ አላምንም።

መሀል ከተማ አውቶቡስ ቀይሬ በብሮድ ስትሪት ወደ ምዕራብ፣ ሮቤርቶ ወደሚኖርበት ወደ ሂልቶፕ ሰፈር ሄድኩ። ወንዙን ከተሻገርን በኋላ በረንዳቸው የዘመመ የእንጨት ቤቶች በዙ። በረዶው ጠቁሯል።

ረፋድ፣ ሂልቶፕ

ሮቤርቶ በር ከፈተልኝ፤ ሚስቱ ኤሌና ባቄላ በበቆሎ ቂጣ አቀረበችልኝ። ሚስ ካረን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የእንጨት ላም አወጣች። እኔም ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ቦርሳዋ ላይ አፈጠጥኩ።

‹‹ከልጁ ምን ይፈልጋሉ?›› አልኳት።

‹‹እናቱ በራሷ ቋንቋ ብዙ እንድታወራው።››

‹‹በስፓኒሽ? እንግሊዝኛ ሊያስተምሩት አይደለም?›› ጥርጣሬዬ ባሰ።

ሚጌል ላሟን አይቶ አፉን ከፈተ። ኤሌና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ጠቆመች። ዝም አለ። እንደገና ሊናገር ሲል እንደገና ወደ እኔ ጠቆመች። ሚስ ካረን ሳምንታት ያልገባት ለእኔ ወዲያው ገባኝ። እኛም ዘንድ እንግዳ ባለበት ልጅ አይናገርም።

‹‹ተይው፣ ያውራ›› አልኳት ኤሌናን።

‹‹እንዴ ዶን ተሰማ! እርስዎ ባሉበት? ባለጌ አሳደገች ይሉኛል!››

ተነሥቼ ሚስ ካረንን ወደ ማድ ቤት ይዣት ገባሁ። በሩን ገርበብ አድርገን በክፍተቱ እያየን አደመጥን።

‹‹ማማ፣ ሽማግሌው ሄደ?›› አለ ሚጌል። ከዚያማ ማን ያቁመው! ላሟ ርቧታል፣ ላሟ በርዷታል፣ ላሟ አልተኛም ብላለች። ሮቤርቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

‹‹ምርመራው ይቅር›› አለች ሚስ ካረን በሹክሹክታ። ‹‹እንዴት አወቁ?››

‹‹እንዲህ ያለውን ማወቅ ለእኔ ቀላል ነው›› አልኳት። ቢሆንም ከመውጣቴ በፊት ቦርሳዋን አስከፈትኳት። መጫወቻና የሥዕል መጽሐፍ ብቻ ነበር።

አመሻሽ፣ ቤቴ

ጉዞው ያስተማረኝ፣ ልጅ አፉን የሚፈታው ሲያወራና የሚሰማው ሲያገኝ መሆኑን ነው። በእኔ ገበታ ልጅ አያወራም። ዛሬ ግን የአራት ዓመቷን የልጅ ልጄን ሣራን አጠገቤ አስቀመጥኳት።

‹‹እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?››

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ‹‹አባባ፣ አሞሃል እንዴ?››

ሣራ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋች።

‹‹እኔ ምንም አላጠፋሁም›› አለች፣ በእንግሊዝኛ።