ምሰሶ የሚያዳምጡት አጎቴ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቤት ሲገቡ ከሰው በፊት ምሰሶውን ነበር ሰላም የሚሉት። በዚህ በቡሬ ገጠር ስንቱን ሳር ቤት ያቆሙ አናጢ ነበሩ። የእኔንም ቤት፣ ሙሽራ ሳለሁ፣ በደቦ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። በመጡ ቁጥር ምሰሶውን በዱላቸው ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ምስጥ ገብቶበት እንደሆን በድምፁ ያውቁታል።

"እኛንስ ማን ያንኳኳን አጎቴ?" እላቸዋለሁ።

"አንቺማ ሳይነኩሽም ትጮኺያለሽ! ዝም በይ፣ ልስማበት!"

ለፋሲካ መጥተው እንደ ልማዳቸው አንኳኩ። ግን ቶሎ አልተነሱም፤ በሌላው በኩል ዞረው ደገሙት።

"ምን አለዎት? መበለቲቱ ባል ትፈልግ አለ?" ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። "ተመልሼ ደህና አድርጌ አየዋለሁ" ብለው ሄዱ። በሳምንቱ አረፉ።

ከቀብር ስመለስ እኔም አንኳኳሁት። ኳ አለ። ደህናው እንዴት እንደሚል፣ የተበላው እንዴት እንደሚል ግን ከየት አውቄ! ያን ሁሉ ዘመን ስቄባቸው ኖርኩ እንጂ አንድ ቀን "እስቲ እኔንም ያሰሙኝ" አላልኩም። ኋላ የድሮ ቤት እናጠናለን የሚሉ ተማሪዎች መጥተው ምሰሶውን በሜትር ለኩት። "ምን ይላል ልጆቼ?" ብላቸው ቁመቱን ነገሩኝ።

ይኸው ክረምቱ ገባ፤ የጣራው ሳር ውኃ ጠጥቶ ምሰሶው ላይ ከብዷል። አልጋዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

"ምነው እማዬ?" አለች ከነልጇ አብራኝ የምትኖረው ልጄ።

"ሙቀት በዛብኝ" አልኳት። በሐምሌ ዝናብ!

እሷም ምሰሶውን አየት አድርጋ የልጇን መኝታ ጎትታ ከእኔ ጎን አመጣችው።