አጣቢዋ ባለሙያ

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ከመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በቀር አልነበረም፤ ለሁሉም እትዬ በረኪና ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል የበሽተኛ አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። ደም የጠጣ አንሶላ ከእጇ ሲወጣ አዲስ ስለሚመስል፣ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ «አቤት ባለሙያ!» ይሏት ነበር። ይህን ስትሰማ ድካሟ ሁሉ እልም ይላል።

ወረርሽኙ በገባ ጊዜ አንሶላው በከረጢት እየታሰረ ይወርድላት ጀመር። ጓንት አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ለራሷ ግድ አልነበራትም፤ የምትፈራው ሳንባው ለደከመው ለባሏ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ልብሷን በር ላይ ታወልቃለች፣ ትታጠባለች፣ ምግቡን ክፍሉ ደጃፍ አስቀምጣ ትሸሻለች።

«ሴትዮ፣ ተጣላን እንዴ?» ይላል እሱ ከውስጥ እያሳለ።

«ክትባቱ ይምጣ እንጂ፣ አጠገብህ ቁጭ ብዬ እጨቀጭቅሃለሁ!»

ክትባቱ መጣ። ማስታወቂያው «ለጤና ባለሙያዎች ብቻ» ይላል። ባለሙያ የሚለውን ስታይ ጥርጥር አልገባትም፤ እጅጌዋን ሰብስባ ተሰለፈች።

«እትዬ፣ ስምዎ እኮ የለም» አለች ዝርዝሩን የያዘችው ነርስ።

«ደህና አድርገሽ እዪው፣ ልጄ። ባለሙያ አይልም እንዴ?»

ሰልፈኛው አውካካ። «የእርስዎ የእጅ ሙያ ነዋ!» አለ አንዱ።

«ታዲያ የማጥበው የሙሽራ አንሶላ ነው?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ነርሷ አንገቷን ደፋች። «እውነትዎን ነው። ግን የመጣው ለመቶ ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ ድጋፍ ሰጪ ተብለው ሁለተኛው ዙር ላይ ነዎት። ዝርዝሩን እኔ አላወጣሁትም።»

ከኋላዋ የቆመው የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበር። በሽታው ከገባ ወዲህ ሥራውን ከቤቱ በስልክ ነው የሚሠራው፤ የሆስፒታሉን ደጃፍ ሲረግጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። በትምህርቱ ግን የጤና ባለሙያ ነው። «አይዞዎት እናቴ፣ ይደርስዎታል» አላት፣ አልፏት እጅጌውን እየጠቀለለ።

ሁለተኛው ዙር በሰባተኛው ሳምንት መጣ። በአምስተኛው ሳምንት እሷን ለሁለት ቀን ትኩሳት ይዟት ለቀቃት፤ ባሏን ግን አልለቀቀውም። እዚያው ሆስፒታል ፎቅ ላይ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ አንሶላውን እንደማንኛውም በሽተኛ በከረጢት አስረው አወረዱላት። ለማንም አልሰጠችም፣ ራሷ አጠበችው።

በአዲሱ ዝርዝር ላይ ከሁሉ በላይ የተጻፈችው እሷ ነበረች። ያችው ነርስ ቅጹን እየሞላች፣ «ቤት ውስጥ አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ይህን መጠየቅ የነበረብሽ ያኔ ነው፣ ልጄ» አለችና ክንዷን ሰጠቻት።