በአማቴ ስም የተጻፈው ካርድ

ያን ለት ጠዋት በቆሎ እየፈለፈልሁ ነበር፤ ያውም በአንድ እጅ። የበቆሎውን ራስ በሁለት እግሬ መሀል አጥብቄ ይዤ በግራ አውራ ጣቴ እገፋዋለሁ። ቀኝ እጄን እሾህ ከወጋኝ አራት ቀን ሆኖታል። አጥር ሳጥር ነው የወጋኝ። መጀመሪያ ንቄው ነበር፤ ስንት እሾህ ወግቶኝ ስንቱን በመርፌ አውጥቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን መዳፌ አበጠ፣ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። በአራተኛው ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሳደርግ ውሃው ሲነካኝ እስከ ብብቴ ነዘረኝ። ያም ሆኖ መሄዱ ታከተኝ። ሐኪም ቤት ሲያስቡት ነው የሚደክም። እናትሽ ተቆጥታ በቆሎውን ከፊቴ ባታነሳው እዚያው እውል ነበር።

በባጃጅ ሄድሁ። አንቺ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ነበርሽ፤ ስለዚህ እንደነገርሁሽ ጻፊው።

ድሮ የካርድ ቤቱ ሰውዬ ከመስኮቱ ብቅ ስል ስሜን ሳይጠይቀኝ ይነሳል። "ዛሬ ደግሞ ምንዎን ነው?" እያለ ከመደርደሪያው ይስባል። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ብዬ አልዋሽም። ካርዱ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ያስቀመጠኝ ጊዜም አለ፤ የአንዱን ሰው ካርድ አይጥ በልታው በሽታውን እንደ አዲስ ሲያወራም አይቻለሁ። ግን ፊቴን ያውቃል።

አሁን በሱ ቦታ ኮምፒውተር ፊቷ ያደረገች ልጅ እግር ሴት ተቀምጣለች። ስደርስ መብራት ሄዶ መጥቶ ኖሮ ሲስተሙ እስኪነሳ ታገሱ ተባልን። ታገስን። ከጎኔ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፀሐዩ ሲበረታባቸው፣ "ይኼ ሲስተም የምትሉት ከኛ ይልቅ እሱ ታሟል፤ አስቀድማችሁ እሱን አክሙት" አሉ። ልጅቱም ሳቀች።

ተራዬ ሲደርስ መታወቂያ አለችኝ፣ ሰጠኋት። ጻፈች ጻፈችና አዲስ ታካሚ ነዎት አለችኝ። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እዚህ እመጣለሁ አልኋት። ኮምፒውተሩ አያውቅዎትም አለችኝ፤ በክፋት አይደለም፣ ደክሟት ነው። እኔም ደክሞኝ ስለነበር አዲስ ብላ እንድትመዘግበኝ ተውኋት።

ነገሩ የመጣው ከስሙ ነው። እናንተ ዘንድ ቀርቷል እንጂ በኛ ጊዜ ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላት ነበር። አባቴ ያወጣልኝ ስም ደጅ ቀረ። አማቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ እሷ የወደደችውን ስም አወጣችልኝ፤ አያትሽም፣ ጎረቤቱም፣ ካርድ ቤቱም በሱ ነበር የሚጠራኝ። መታወቂያው የወጣ ጊዜ ግን አጎትሽ አባቴ ያወጣልኝን ስም አስጻፈ። እኔም ምን ቸገረኝ አልሁ። ሰው በሁለት ስም ሁለት ሰው ይሆናል ብዬ በምን ላውቅ።

ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው። እጄን አገላብጦ አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረና እየጻፈ ይጠይቀኝ ጀመር። ዕድሜ፣ ግፊት፣ ስኳር። የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ወይ አለኝ። አንድ መርፌ አለ አልሁት። የትኛው ቢለኝ አላውቀውም። ምን ይመስላል ቢለኝ፣ ነጭ ዱቄት ነው፣ በውሃ በጥብጠው ነው የሚወጉት አልሁት። ሁሉም እንደሱ ነው እማማ አለኝ። ምን አደረገዎት ሲለኝ ደግሞ ጣለኝ አልሁት። ለካ አሮጊቱ ሁሉ መርፌ ጣለኝ ነው የሚለው። ኮምፒውተሩን አየና፣ የተመዘገበ የለም ብሎ መርፌ እንድትወጋኝ ነርሷን አዘዘ።

እኔ ያልነገርሁት ይኼን ነው። እናትሽን የወለድሁ ሰሞን ትኩሳት ይዞኝ እዚያው ተወግቼ ነበር። መርፌው ሳይወጣ ከንፈሬ አበጠ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ያ ሁሉ ሰው በላዬ ሲሯሯጥ ድምፁ ከሩቅ ይሰማኛል። ሲሞቱ የሚባለውን ሸሃዳ ልል ብዬ አፌ እንቢ አለኝ። አላህ ሲያተርፈኝ ተረፍሁ። ያን ጊዜ የነበረችው ነርስ ካርዴ ላይ በቀይ ጽፋ፣ ከእንግዲህ ካርድዎ ይናገርልዎታል አለችኝ። የመድኃኒቱን ስም አልነገረችኝም። ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ያደርግለታል ብላ ይሆናል። እኔም አልጠየቅሁ፤ ካርዱ ያውቃል ብዬ በሱ ላይ ጣልሁት።

የመርፌ ክፍል ስገባ ነርሷ ዱቄቱን በጥብጣ ጨርሳለች። ክንድዎን አለችኝ። ክንዴን ሰብስቤ ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁት። ለመነችኝ፣ ተቆጣችኝ፣ ወረፋውን አሳየችኝ። እማማ፣ ይኼ መግል ወደ ደም ከገባ የሚያጡት እጅዎን ብቻ አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው። እጄም ይነዝረኛል። አንድ ልቤ ዝም ብለሽ ተወጊ ይለኛል፤ ከተማረ ሰው ጋር መከራከር ምን ያህል እንደሚያደክም አታውቂውም።

"ከሞትሁም በማላውቀው ልሙት" አልኋት። "የማውቀውን ሞት ሁለተኛ አልቀምሰውም።"

ሄዳ ሐኪሙን ጠራችው። መጣና ኮምፒውተር በሌለበት ከፊቴ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ገና ፊቴን ያየው። ከንፈሬን፣ ጉሮሮዬን፣ ሸሃዳውን ሁሉ ነገርሁት። ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ከሆነማ ዝም ብዬ ሌላ መርፌም አላዝም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ዘመዳሞች ናቸው፣ የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ ከአንዱ ሳሸሽዎት ለሌላው እሰጥዎታለሁ አለኝ። አሮጌው ካርድ በማን ስም ነው አለኝ። በአማቴ ስም አልሁት። ግራ ገባው፤ አማቴ ያወጣችልኝ ነው ስለው ሳቅ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገው፣ የለም። የድሮው ካርድ ገና አልገባም፣ ተጠርዞ መጋዘን ነው ያለው።

ያ የካርድ ቤቱ ሰውዬ ዓይኑ ለኮምፒውተሩ አልሆን ስላለ ከመጋዘኑ በር ወንበር ሰጥተው አስቀምጠውታል። ሐኪሙ ከኔ ጋር እስከዚያ መጣ። ሰውዬው ሲያየኝ ከሩቁ በአማቴ ስም ጠራኝ። አያትሽ ከሞተ ወዲህ ሁሉ እማማ ይለኛል እንጂ ወንድ በዚያ ስም ሲጠራኝ የመጀመሪያ ነው። ገብቶ ብዙ ቆየ። ስንት ጥራዝ ሲያወርድ ይሰማናል። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ ወረፋውን ያያል፣ ግን አልሄደም። ብዙ ቆይቶ ሰውዬው አቧራውን እየነፋ ይዞት ወጣ።

ሐኪሙ ገልጦ ቀዩን አነበበ። ከዚያ፣ "ይኸው ነው እማማ። አሁን ሊወጉት የነበረው ይኸው ነው" አለኝ።

ነርሷ የበጠበጠችውን ወስዳ ደፋችው። ለኔ ሌላ፣ የሚዋጥ ታዘዘልኝ፤ መግሉንም እዚያው አፈሰሱልኝ። ሐኪሙ ቀዩን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው። አሁን ደሴም ብሄድ ያውቁታል ወይ አልሁት። ለጊዜው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው አለኝና የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። አንቺ ያነበብሽልኝ እሱን ነው።

ካርዱ ወፍራም ነበር። ስድስት ልጅ የወለድሁበት፣ ሁለቱ የሞቱብኝ፣ የወባው፣ የዓይኔ፣ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሌላውስ አይጻፍም ወይ አልሁት። ለዛሬ ቀዩ ይበቃል፣ ሰው እየጠበቀ ነው አለኝ። ትክክል ነው፤ ሽማግሌው እንኳ ምርኩዛቸውን እንደያዙ ገና እዚያው ተቀምጠዋል። ካርዱን ልውሰደው ብል የመንግሥት ነው አለኝ። ሰውዬው መልሶ ይዞት ገባ። የአማቴ ስም እዚያ ጨለማ ውስጥ ከነልጆቼ ቀረ፤ እኔ በአባቴ ስም አንድ መስመር ይዤ ወጣሁ። በሕይወት መውጣቱ ይበልጣል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ባጃጁ ላይ ስቀመጥ መላ አካላቴ ዛለ።

ማታ ላይ ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ መጣች። እሷ ክርስቲያን ናት፤ ባንድ ዓመት ነው ሙሽራ ሆነን እዚህ መንደር የገባን። ሁሉን ነገርኋት። እጄን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

"አንቺስ በሁለት ስም ነው፤ ደግሞ ካርዱን የሚያወጣልሽ ሰው አገኘሽ" አለችኝ። "እኔ የአባቴ አለኝ፣ የአማቴ አለኝ፣ የክርስትናዬ አለኝ። የቱ በሽታ በየትኛው ስሜ እንዳለ በምን አውቃለሁ? ያ ሰውዬ ጡረታ ሳይወጣ ነገ ልሂድ፤ ሳልታመም ልሂድ እንጂ።"