አንገቴን ሳላወዛውዝ የቀዳሁት ውሃ

ባለፈው ሳምንት ኢምፔሪያል ጋ መንገድ ልሻገር ቆሜ አንገቴን ወዲህ ወዲያ ሳደርግ፣ አንድ ጎረምሳ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ማዘር፣ ራስዎን አዞረዎት እንዴ?» አለኝ። አመሰገንኩት። በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው የመኪናውን ርቀት የሚለካው በአንገቱ ነው ብዬ መንገድ ዳር ቆሜ ላስረዳው አልቻልኩም።

ግራ ዓይኔን ያጠፋው እንጨት ስፈልጥ የተፈናጠረ ስንጣሪ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገርጂ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ላነሳ እጄን ስሰድ አየር እጨብጥ ጀመር። መላውን ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ነው። በመስኮት ሳይ የመንገዱ ዳር አጥር እየሮጠ ያልፋል፤ የረር ተራራ ግን ዝም ብሎ ከእኛ ጋር ይሄዳል። ለካ ስንንቀሳቀስ የቅርቡ ይሮጣል፣ የሩቁ ይዘገያል! ቤት ገብቼ ራሴን ወዝወዝ ባደርግ፣ ብርጭቆው ከግድግዳው ተላቆ ቦታውን ያዘ። በደስታ አለቀስኩ።

እናቴ ግን አልወደደችውም። ለእህቴ ለሐዋ ሽማግሌ የተላከ ዕለት ጓዳ ወስዳ «ዛሬ እንኳ አንገትሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ በዘራቸው በሽታ አለ ብለው ይሄዳሉ» አለችኝ። ሐዋ ሽማግሌ የላከውን ልጅ ትወደው ነበር፤ ነገሩ የዋዛ አልነበረም። እንግዳ እጅ ማስታጠብ የታናሽ ነውና ሳህኑንና ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወጣሁ።

አንገቴን እንደ ምሰሶ አቆምኩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ የሼህ ይማም መዳፍና ሳህኑ አንድ ላይ ተለጥፈው ታዩኝ። ቀዳሁ። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ወረደ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ።

«አባባ፣ አንድ ዓይኔ አያይም። አንገቴን ካላወዛወዝኩ እጅዎ የት እንዳለ አላውቅም» አልኩ።

«ታዲያ አወዛውዢዋ፣ ልጄ! ምን ያስቸኩለናል?» አሉና መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ።

ወዝወዝ አልኩ። ውሃው መሃል መዳፋቸው ላይ አረፈ። ሼህ ይማም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሳቁ፤ ሐዋም ተዳረች።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም፤ እኔም ቂሜን ቶሎ አልተውኩም። ከዚያ ወዲያ ግን ዕቃ ስታቀብለኝ እጇን ዘርግታ፣ አንገቴ ወዲህ ወዲያ ብሎ እስኪጨርስ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። አሁን ልጆቼ ሊያግዙኝ ብለው ዕቃውን ቶሎ እጄ ውስጥ ያስገቡልኛል። ይወዱኛል፣ አውቃለሁ። ቆሞ የሚጠብቀኝ ግን የለም።